የዓሣ መራቢያ ስፍራዎችን ለመከለል የውሃ ካርታ አሠራርና አጠቃቀም

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በሐይቅና በግድብ ዳር የሚሠሩ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ምርታቸው ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስ አስቀድመው ከሚያስቡት እርምጃ አንዱ ከውሃው ከፊሉን ከማስገር መከልከል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የሚከለለው ስፍራ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ለጥበቃ ስለሚመች፣ ለመንገድ ስለሚቀርብ፣ ወይም ማንም ስለማይከራከርበት ነው። ማንም የማይከራከርበት ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ የማይገኝበት ውሃ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ስፍራ ዘግቶ፣ ዘበኛ ቀጥሮ፣ ከአባላቱ ጋር ተጣልቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዓሣው እንዳልጨመረ ያያል። ከዚያ ወዲያ ስለ ክልክል ስፍራ የሚሰማ አባል አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ትምህርት አንድ ነገር ላይ ያተኩራል። ይኸውም ከመከልከል በፊት ዓሣው በየዕድሜው የሚኖርባቸው ስፍራዎች የትኞቹ እንደሆኑና የት እንዳሉ በካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ካርታ ስንል ከከተማ የሚመጣ ባለሙያና ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር ማለታችን አይደለም። አንድ ታንኳ፣ አንድ ገመድ፣ ባለ ካሬ ወረቀትና ውሃውን የሚያውቁ ሰዎች ካሉ ሥራው ይጀመራል። ለልምምድ የምናቀርበው ምሳሌ ለእኛ ለአቃቂ ቃሊቲ ቅርብ የሆነው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ዋናው ማስጠንቀቂያ የሚገኘው ግን ከጣና ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ስፍራ በካርታ እየለዩ መከለል በሰፊው የተሠራበት በባሕር ላይ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ስለ ባሕር የምናነሣው ትምህርቱን ለመውሰድ ያህል ብቻ ነው። በሞቃት ባሕሮች ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት የሚገነቡት ድንጋያማ ስፍራ አለ፤ ሪፍ ይባላል። በዚያ የሚያዘው ትልቅ ዓሣ ሁልጊዜ በዚያ የኖረ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ጫጩት ሳሉ የሚያድጉት በባሕር ዳር ሣር ውስጥና በጨው ውሃ ላይ በሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር ነው። በካሪቢያን ባሕር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሥራ እንዳሳየው የማንግሮቭ ደን በአቅራቢያቸው ባለ ሪፎች ላይ ለገበያ የሚፈለጉ የአንዳንድ ዓሦች ክብደት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሪፉን ከልሎ ማንግሮቩን ማስቆረጥ ጎተራውን ቆልፎ ማሳውን እንደ መተው ነው።

በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ የተባለውን የባሕር ክልሏን እንደገና ስትከፋፍል አስቀድማ ጠቅላላውን በ70 የመኖሪያ ዓይነቶች ለይታ በካርታ አስቀመጠች። ከዚያም ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ከመቶ 20 እጁ ከማስገር ነጻ እንዲሆን ወሰነች። ቀድሞ የተከለከለው ስፍራ ከመቶ 5 የማይሞላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከመቶ 33 ደረሰ። ለእኛ የሚጠቅመን የስፋቱ ቁጥር አይደለም። የሚጠቅመን «ከእያንዳንዱ ዓይነት» የሚለው ቃል ነው።

ጣና ያስተማረን

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ወገን አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች 15 ያህል ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ውሃ አይገኙም። ከፊሎቹ ሌላ ዓሣ በል፣ ከፊሎቹ ቅጠልና ትል በል ናቸው። በፊሊፒንስ አገር በላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ስለ ጠፋ የጣናው ከዓለም ብርቅ ሆኖ ቀርቷል።

ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ሐይቁን ለቀው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ክረምቱ ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ወንዙን ተከትለው ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይወጡና ውሃው ጠርቶ በፍጥነት በሚፈስበት ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ጫጩቶቹ በኋላ ውሃውን ተከትለው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በጣና ማስገር የሚካሄደው በደንገል ታንኳ በሐይቁ ዳር ዳር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማስገር ተጀመረ። መረቡ ዓሣው በብዛት በሚገኝበት ቦታና ጊዜ መጣል ጀመረ፤ ይህም ማለት በክረምት በወንዝ አፍ ላይ ማለት ነው። አስጋሪው በዚህ አይወቀስም፤ ዓሣ ባለበት መጣል ሙያው ነው። ከወንዙ ላይኛው ክፍል ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃ ላይ በመበተን ለመራባት የወጣውን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991ና በ2001 የተደረጉት ልኬቶች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው ክብደት ከመቶ 75 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጫጩቶቹ መቀነስ ከዚህም የባሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የወላጆቹ ዓሦች በመራቢያ ጊዜያቸውና በመራቢያ መንገዳቸው ላይ መያዝ ነው የሚል ግምት ሰጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መካከለኛውን ውሃ ዘግተን አራቱን የወንዝ አፎች ክፍት ብንተው ለነጭ ዓሣው ያደረግንለት ነገር ከቁጥር አይገባም። በአንጻሩ የወንዝ አፎቹ ስፋት ከሐይቁ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ በክረምት ለጥቂት ወራት ቢከለሉ ግን ዝርያው በሙሉ ይጠበቃል። ይህን ልዩነት የሚያሳይ ካርታ እንጂ የጠቅላላ ስፋት ቁጥር አይደለም። ደግሞም ካርታው በሐይቁ ዳርቻ ላይ መቆም የለበትም። አሸዋ የሚወጣበት የወንዝ ክፍል፣ ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ፣ ግድብ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ የዓሣው መንገድ ስለሆነ በካርታው ላይ መግባት አለበት።

የቆሮሶ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አሸዋውን ወይም ጭቃውን ጎድጓድ አድርጎ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሉን ጥላ በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም በደንገሉ፣ በፊላውና በቄጠማው መካከል ተሸሽገው ያድጋሉ። ስለዚህ የቆሮሶ መራቢያ የሚጠፋው በመረብ ብቻ ሳይሆን በማረሻም ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬት ወደ ውስጥ እየገፋ ደንገሉን ሲመነጥር የጫጩቱ ቤት አብሮ ይሄዳል። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ያሉ ሁለት ዓሦች እንኳ በአንድ ዓይነት ክልክል አይጠበቁም ማለት ነው።

ካርታውን መሥራት

በመጀመሪያ የሐይቁን ወይም የግድቡን ዳርቻ በወረቀት ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ዛሬ ይህ ቀላል ሆኗል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ5 ቀን አንድ ጊዜ እየተመላለሱ የሚያነሡት ፎቶግራፍ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ነገርም ይለያል። የላንድሳት ሳተላይቶች ፎቶግራፍ ደግሞ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ዳርቻው ቀድሞ የት እንደነበረ ለማየት ይጠቅማል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ካለው ፎቶግራፉን 1 ለ 10,000 በሆነ መጠን አትሙት። በዚህ መጠን በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 100 ሜትር ነው፤ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ካሬም አንድ ሄክታር ይሆናል። ለገበሬ ማስረዳት ስለሚቀል ሌላ መጠን አንመክርም።

ሆኖም ፎቶግራፉ የውሃውን ውስጥ ያሳያል ብላችሁ አትጠብቁ። ጥርት ባለ ባሕር ላይ ሳተላይት ከብዙ ሜትር ጥልቀት በታች ያለውን ኮራልና አሸዋ ሊለይ ይችላል። የእኛ ግድቦችና ብዙዎቹ ሐይቆቻችን ግን ደለል የተቀላቀለባቸው ናቸው። ነጭ ሳህን በገመድ አስራችሁ ብታወርዱ አንድ ሜትር ሳይሞላ ከዓይን ይሰወራል። ዓይን ያላየውን ፎቶግራፉም አያይም። ስለዚህ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ገመድና እንጨት ናቸው።

ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ ቋጥሩት፤ በጫፉ ከባድ ብረት ወይም ድንጋይ እሰሩበት። ብረቱ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጎድጓዱን በሞራ ወይም በረጠበ ሳሙና ሙሉት። ብረቱ ከወለሉ ሲደርስ አሸዋም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ቢሆን በሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ምንም ሳይዝ ከወጣና ሞራው ከተጫነ ወለሉ ድንጋይ ነው። የጥንት መርከበኞች ያደርጉት የነበረ ዘዴ ነው፤ እስካሁንም አያሳፍርም። ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር በታች በሆነበት ስፍራ ረጅም እንጨት ይበቃል። ድንጋይ ይንኳኳል፣ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፣ ጭቃ እንጨቱን ይውጣል። ልምድ ያለው ቀዛፊ ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቃል።

ታንኳው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር በቀጥታ መስመር ይሂድ። መስመሮቹ በ100 ሜትር ይራራቁ፤ በየመስመሩም በየ100 ሜትሩ ቆሞ መለካት ያስፈልጋል። በየቦታው አራት ነገር ይመዘገባል፤ ጥልቀት፣ የወለሉ ዓይነት፣ ነጩ ሳህን የተሰወረበት ጥልቀትና በዚያ ያለው ተክል። ቦታውን በእጅ ስልክ ጂፒኤስ መያዝ ይቻላል። ነገር ግን ስልክ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ባትሪውም ያልቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ በዳርቻው ላይ ያሉ ሁለት የታወቁ ምልክቶችን፣ ለምሳሌ ትልቅ ዋርካና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ እያዩ አቅጣጫውን በደብተር ጻፉ።

ሥራው በዓመት ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት፤ አንዴ ውሃው ዝቅ ሲል በግንቦት፣ አንዴም ከፍ ሲል በመስከረም። በግንቦት ደረቅ ሆኖ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ በመስከረም የቆሮሶ ጫጩት የሚርመሰመስበት ውሃ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወቅት ብቻ የተሠራ ካርታ ግማሽ ካርታ ነው።

ከልኬቱ ቀጥሎ ሰዎችን መጠየቅ ይመጣል። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ አስጋሪዎቹ ሂዱና በቀለም እርሳስ እንዲያመለክቱ አድርጉ። ነገር ግን «መራቢያው የት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ስትጠይቁ የምትዘጉበትን ቦታ እንደምትፈልጉ ወዲያው ይገባቸዋል። «ሆዷ እንቁላል የሞላ ዓሣ በየትኛው ወር፣ በየት በኩል ታገኛላችሁ? የጣት ርዝመት ያለው ዓሣ መረባችሁን የሚያስቸግረው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓሣ የሚያጸዱትን ሴቶች መጠየቅ ከዚህ ይበልጣል፤ ሆዱን የሚከፍቱት እነሱ ስለሆኑ እንቁላል የሚታይበትን ወር ከማንም በላይ ያውቃሉ። ደንገል አጫጆችንና ከብት ውሃ የሚያጠጡ ልጆችንም አትርሱ።

ልምምድ በአባ ሳሙኤል

አባ ሳሙኤል ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት ግድብ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ውሃ ወደ አዋሽ፣ ከዚያም ወደ ቆቃ ይወርዳል። በአገራችን ከቀደምቶቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ሥራ ካቆመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። ለካርታ ሥራ ልምምድ ይመቻል፤ ትንሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ የወንዝ አፍ፣ ሳር፣ ጭቃና ድንጋያማ ዳር ሁሉም በአንድ ስፍራ ይገኙበታል።

በመጀመሪያው ልምምዳችን የሠራነውን ስሕተት እዚህ ብንናገር ለእናንተ ትምህርት ይሆናል። በፎቶግራፉ ላይ በዳርቻው ያየነውን አረንጓዴ ሁሉ «የዳር ሳር፣ የጫጩት ማሳደጊያ» ብለን ቀባነው። ካርታው ያማረ ሆነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታንኳ ይዘን ስንሄድ ከቀባነው አረንጓዴ ብዙው በቦታው የለም፤ ነፋስ ወደ ሌላው ዳር ወስዶታል። እንቦጭ ነበር። እንቦጭ በአዋሽና በቆቃ መኖሩ የተመዘገበው ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሆን በጣናም እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቷል። ከላይ ሲታይ ሳር ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ብርሃን ይከለክላል፣ ሲበሰብስም በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል። ደንገልና ፊላ ሥራቸው በመሬት ነው፤ ስለዚህ ካርታ ላይ ከመቅባታችሁ በፊት አንድ ግንድ ይዛችሁ ጎትቱ። ተከትሎ ከመጣ እንቦጭ ነው። ወይም የሁለት የተለያዩ ወራት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ያልተንቀሳቀሰውን አረንጓዴ ብቻ ቅቡ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የከበደ ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ በዳርቻቸው ያሉትን የፋብሪካዎች እጣቢም ይዘው ይገባሉ። የአባ ሳሙኤል ካርታ በጥልቀትና በወለል ብቻ ከታየ መልካም መራቢያ የሚመስሉ ስፍራዎች ያሳያል። ሦስተኛውን ሉሕ፣ ማለትም የውሃውን ንጽሕና፣ ስትደርቡበት ግን ከእነዚያ ብዙዎቹ ይሰረዛሉ። «አምባዛ እየተያዘ ውሃው እንዴት መጥፎ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አምባዛ ከጉንጮቹ በላይ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ያለው ዓሣ ነው። ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ወስዶ ይኖራል። ስለዚህ የአምባዛ መገኘት ለውሃው ጤንነት ምስክር አይሆንም።

እንደዚህ ባለ ውሃ ላይ ክልክል ስፍራ ማወጅ የመጀመሪያ ሥራ ነው ብለን አናምንም። ማንም ሳያሰግርበት ቢቀርም ጉዳቱ ከላይ ይመጣል። መሥሪያ ቤቶች «በዚህ ሐይቅ ጥብቅ ስፍራ አለን» ብለው ሪፖርት እንዲያደርጉበት ከሆነ ደግሞ ባይኖር ይሻላል። ካርታው በአባ ሳሙኤል የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ፍሳሹ የሚገባበት ቦታ፣ ደለሉ በየዓመቱ የሚገፋበት መስመር፣ ዓሣ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ስፍራና ቀን ተመዝግቦ ሲቀመጥ ማኅበሩ አቤት ሲል በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። ከእንዲህ ያለ ውሃ የተያዘ ዓሣም በላቦራቶሪ ሳይመረመር ለገበያ እንዲቀርብ ልማት ሠራተኛው ምክር መስጠት የለበትም። ምርመራውን በሚመለከት በሰበታ የሚገኘውን የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል፤ የአማራ ክልል ማኅበራት ደግሞ በባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ይቀርባቸዋል።

ከካርታው ወደ ክልክሉ

ካርታው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ካሬዎቹን መቁጠር ነው። የሚከተለው ለማስረዳት ያህል ያሰብነው ምሳሌ ነው። አንድ ማኅበር የሚሠራበት የባሕር ወሽመጥ 80 ሄክታር ነው እንበል። ካሬዎቹ ሲቆጠሩ ጥልቅ ጭቃ 46፣ አሸዋማ ዳር 14፣ ደንገልና ፊላ 12፣ ድንጋያማ ዳር 5፣ የወንዝ አፍ 3 ሄክታር ሆነው ተገኙ። ማኅበሩም አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 16 ሄክታር፣ ለመከለል ተስማማ።

ካርታ ባይኖር ኖሮ 16ቱ ሄክታር ከመካከሉ ከጥልቁ ጭቃ ይወሰድ ነበር፤ ቀለል ያለው መንገድ ይህ ነውና። በዚያ ግን ቆሮሶ ጎጆ አይቆፍርም፣ ነጭ ዓሣም አያልፍም። በካርታው መሠረት ግን ያንኑ 16 ሄክታር እንዲህ ልንከፍለው እንችላለን፤ የወንዙን አፍ 3ቱንም ሄክታር፣ ከደንገሉ 4፣ ከአሸዋው 4፣ ከድንጋዩ 1፣ ከጥልቁ ጭቃ 4። አስጋሪው የሚያጣው ስፋት አንድ ነው፤ ዓሣው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ከጭቃው የወሰድነው ከአንድ አምስተኛ ያነሰ መሆኑን የሚያስተውል ይኖራል። ሆን ብለን ያደረግነው ነው። ጥልቁ ጭቃ በብዛት ያለ ስፍራ ነው፤ የደረሰ ዓሣ የሚያዘውም እዚያ ስለሆነ ለማኅበሩ እንጀራ መተው አለበት። የሚጠበቀው በመጀመሪያ ጥቂት ያለው ነው።

የተመረጡት ካሬዎች የተበታተኑ ቁርጥራጮች መሆን የለባቸውም። ከደንገሉ ጀምሮ በአሸዋው አልፎ እስከ ጥልቁ የሚደርስ አንድ ወጥ ሰቅ ይሻላል፤ ጫጩቱ ሲያድግ መረብ ሳያገኘው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሸጋገር። የወንዝ አፉ ለነጭ ዓሣ ሲባል ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ቢዘጋ ይበቃል፤ የቀረውን ወር ቢከፈት ጉዳት የለውም። የደንገሉና የአሸዋው ሰቅ ግን ዓመቱን ሙሉ መዘጋት አለበት፤ ቆሮሶ በብዙ ወራት ይራባልና። ድንበሩ በጂፒኤስ ቁጥር ብቻ አይነገር። «ከዋርካው እስከ ጥቁሩ ድንጋይ» ሊባል የሚችል መሆን አለበት። በሌሊት መረብ የሚጥል ሰው ቁጥር አይታየውም፤ የዋርካው ጥላ ግን ይታየዋል።

አሁን እጅግ አስቸጋሪ ወደሆነው ነገር ደረስን። የመራቢያ ስፍራዎች አብዛኛውን ጊዜ በዳር ናቸው። በዳር የሚያሰግረው ደግሞ ሞተር የሌለው፣ በደንገል ታንኳና በመንጠቆ የሚኖረው ድኻው ነው። ባለ ሞተሩ ወደ ጥልቁ መሄድ ይችላል። ስለዚህ በዓሣ በኩል ትክክል የሆነው ካርታ በሰው በኩል ግፍ ሊሆን ይችላል። ይህን አይተን እንዳላየን ማለፍ አንችልም፤ ከዚህ በፊት ክልክል ስፍራዎች በሌሊት የተሰበሩት በክፋት ሳይሆን በረኃብ የሆነበት ጊዜ አለ። በካርታው ላይ አንድ ተጨማሪ ሉሕ ሥሩ፤ ማን፣ በምን መሣሪያ፣ የት እንደሚያሰግር የሚያሳይ። የሚከለለው ሰቅ በአንድ ሰፈር ታንኳ ቀዛፊዎች ላይ ብቻ ከወደቀ ሰቁን ወደ ሌላው ደንገል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ተመልከቱ። ካልተቻለ ማኅበሩ ከጥልቁ ውሃ ከሚገኘው ገቢ ድርሻ እንዲሰጣቸው፣ ወይም የዘበኝነቱን ሥራ በደመወዝ ለእነሱ እንዲሰጥ ከመከልከሉ በፊት በቃለ ጉባዔ ይወሰን። ከተከለከለ በኋላ የሚሰጥ ተስፋን ማንም አያምንም።

በሕግ በኩል ያለውን ባጭሩ እናስታውሳለን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ውሳኔ አባላቱን እንጂ ሌላውን አያስርም፤ ስለዚህ ካርታው ከቃለ ጉባዔው ጋር ተያይዞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት።

ክልክሉ ከጸና በኋላ በየሦስት ወሩ አንድ ቀን በዚያው ሰቅ ውስጥና ከሰቁ ውጭ በአንድ ዓይነት መረብ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ሙከራ ይደረግ። የዓሣው ቁጥር፣ ርዝመቱና ሆዱ ውስጥ እንቁላል መኖር አለመኖሩ ይመዝገብ። በመጀመሪያው ዓመት ልዩነት ካልታየ ለአባላቱ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከእንቁላል የወጣ ጫጩት ለመረብ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። በሦስተኛው ዓመት በሰቁ ውስጥ የጣት ርዝመት ያለው ዓሣ ካልበዛ ግን ስሕተቱ የካርታው ነው፤ በመስከረም ታንኳውን አውጥታችሁ እንደገና ለኩ።

ካርታው በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ሁለተኛው ለወረዳው ይሰጥ፣ ሦስተኛው ከልኬቱ ደብተር ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የልማት ሠራተኛው ሲዛወር ደብተሩን በፊርማ ያስረክብ።